ጀልባው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ዓሣው ይርባ!

በዚህ አገር መርከብ እንወዳለን። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው፣ ከመቶ ሰው በላይ የምትይዘው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ መኪና ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ በስልኩ ሲቀርጻት ነበር የከረመው። መርከብ በአስፋልት ላይ ስትሄድ ማየት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለምና አንፈርድም። እኛም አይተናል፤ እኛም ቪዲዮውን ለጓደኞቻችን ልከናል።

ፍቅሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን ዐይናቸው ጣና ላይም ነበር። ያኔ እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንዳሰፈረው፣ ንጉሡ ከደንገልና ከእንጨት ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው በሐይቁ ላይ ሞክረዋል። መድፉ ተሳካ፤ ጀልባው ግን አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ 160 ዓመት ገደማ አለፈ። ጀልባው ተሻሽሏል። አስተሳሰባችን ግን እዚያው ነው። ዛሬም ስለ ጣና ሲነሣ መጀመሪያ በዐይናችን ላይ የሚመጣው ጀልባ ነው። ከውኃው በላይ ያለው ነገር ያስጨንቀናል፤ ከውኃው በታች ስላለው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ በየሻይ ቤቱ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ እንሰማለን፤ «ስፖርት ፊሺንግ»! ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ በጀልባ ይወጣል። ዐለታማውን ዳርቻ ጥግ ጥጉን ይዞ መንጠቆውን ይጥላል። ክንድ የሚያህል ዓሣ ይይዛል፣ አቅፎ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ዓሣውን መልሶ ውኃ ውስጥ ይለቅቀዋል። ዓሣውም ይተርፋል፣ ዶላሩም ይቀራል። በግሪክ ደሴቶች ዙሪያ በዚህ የሚተዳደር ስንት መንደር አለ፣ እኛስ ከማን እናንሳለን? ይባላል።

ግልጽ እንሁን፤ ሐሳቡን አንጠላውም። እንዲያውም ከብዙዎቹ «የልማት ሐሳቦች» ይሻላል እንላለን። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው።

የትኛውን ዓሣ?

ጣና የማን ነው?

መልሱን ከማምጣታችን በፊት አንድ ነገር እናስተካክል። የደብረ ታቦር ሰው ጣናን «የባሕር ዳር ሐይቅ» ብሎ ነው የሚጠራው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ ብርድ፣ ገብስ፣ ድንችና ጭጋግ ነው የምናውቀው። ዓሣ ስናይ ከቆላ የመጣ እንግዳ ይመስለናል።

ካርታውን ግን ተመልከቱ። የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የደቡብ ጎንደር ነው። ደራ፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም ወረዳዎች ሐይቁን ይነካሉ። ጣና ቂርቆስ ከደራ ዳርቻ አጠገብ ነው። የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ቆራጣም የደራ ናት። ያን ሁሉ የፎገራ ሩዝ የሚያበቅለው ሜዳ ሐይቁ በየክረምቱ የሚጎበኘው ሜዳ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ወደ ጣና ከሚገቡት አራት ትልልቅ ወንዞች፣ ማለትም ከግልገል ዓባይ፣ ከመገጭ፣ ከርብና ከጉማራ፣ ሁለቱ የእኛ ናቸው። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ ነው የሚነሡት፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚቆመው፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍተን ከምናየው ከዚያው ጉና። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ የዘነበው ዝናብ፣ ፋርጣ ላይ የታጠበው አፈር፣ ከወንዙ የተዛቀው ጠጠር ሁሉ መጨረሻው ጣና ነው። «ሐይቁ የባሕር ዳር ነው» የሚለው ወሬ ከኃላፊነት መሸሻ ካልሆነ በቀር ምንም አይደለም።

ወንዝ የሚወጣው ዓሣ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በመንጠቆ የሚያዝ፣ ትልቅ፣ ታጋይ፣ እንግዳ ከሩቅ አገር ትኬት ቆርጦ የሚመጣለት ዓሣ ጣና ውስጥ የትኛው ነው?

ቀረሶ አይደለም። ቀረሶ ለድስትና ለመጥበሻ የተፈጠረ ነው፤ በዓለም ሁሉ ይገኛል። አምባዛም በአፍሪካ ውኃዎች ሁሉ አለ። ጣና ከዓለም የሚለይበት ዓሣ ገበያችን «ነጭ ዓሣ» ብሎ የሚጠራው፣ የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ላቤዎባርበስ የሚሉት ወገን ነው። እኛ በአንድ ስም ጠርተን በአንድ ዋጋ የምንሸጠው ይህ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለይተው እንዳስቀመጡት፣ በጣና ብቻ የሚገኙ፣ ሌላ የትም የሌሉ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። አፉ የረዘመ አለ፣ ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ ጀርባው የጎበጠ አለ። ሁሉም ከአንድ ዘር ወጥተው በዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ነው። የእነዚህ ዓሦች ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለው አዳኝ! በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት ወገን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት የታየው ጣና ላይ ነው። መንጠቆ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ ተጋጣሚ ከየት ይገኛል?

በነገራችን ላይ ይህችን ነገር ልብ በሉ። ባሌ ውስጥ በወብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ሰዎች በመንጠቆ የሚያጠምዱት ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ትራውቱ የኢትዮጵያ ዓሣ አይደለም፤ ከኬንያ አምጥተው ነው ወንዙ ውስጥ የለቀቁት። ለጨዋታ ሲሉ ዓሣ ከውጭ ያስመጡ ሰዎች በነበሩበት አገር፣ ዓለም የሌለው ዓሣ ያለን እኛ ስሙን እንኳ አንለይም።

ይህ ዓሣ ግን አንድ ድካም አለበት። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። በጉማራና በርብ በኩል፣ ጅረቱን ተቃውመው ሽቅብ ይወጣሉ። ጥርት ያለ ውኃ በጠጠር ላይ የሚሮጥባቸው ትንንሽ ገባሮች ጋ ሲደርሱ እንቁላላቸውን ጠጠሩ መካከል ይጥላሉ፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ወቅቱ በዋናነት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ማለትም ለጉዞው አንድ በር፣ አንድ ወቅት፣ አንድ ዕድል ነው ያለው።

እንግዲህ የሁላችንም መረብ የሚጠብቀው እዚያች በር ላይ ነው።

ከታንኳ ወደ ሞተር

ቀድሞ በጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደው በዋናነት የወይጦ ሕዝብ ነበር። ከደንገል በተሠራች ታንኳ፣ በመንጠቆና በትንንሽ መሣሪያ ዳር ዳሩን ያጠምድ ነበር። ታንኳ ሩቅ አትሄድም፤ ብዙም አትጭንም። ሐይቁን ሳታውቀው የጠበቀችው ድህነታችን ነበረች ብንል አላጋነንም።

በ1978 ዓ.ም. ግድም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በዕርዳታ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ አጥማጁ ከድህነት እንዲወጣ፣ ከተማው ዓሣ እንዲያገኝ። ሆነም። ጀልባው ሐይቁን አቋርጦ ወንዝ አፍ ድረስ ሄደ። አጥማጁም ሞኝ አይደለም፤ ዓሣው በብዛት ተሰብስቦ የሚገኘው መቼና የት እንደሆነ ከተመራማሪው በፊት ያውቃል። ነሐሴ፤ ወንዝ አፍ።

ውጤቱስ? ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ዐሥር ዓመታት በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል ያካሄዱት ክትትል የሚያሳየው፣ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል መጥፋቱን ነው። ዐሥር ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ባለው ጊዜ። ይህ ዓሣ ደግሞ እንደ ቀረሶ ቶሎ የሚደርስ አይደለም። ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች አንዲት ትልቅ ዓሣ በቀላሉ አትተካም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የሚያጽናና አይደለም። «ሞኖፊላመንት» የሚባለው ቀጭን፣ ርካሽ መረብ ገባ፤ ዐይኑ ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱንም አይምርም። ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀርም አይበሰብስም፤ ባለቤት የሌለው መረብ ማጥመዱን ይቀጥላል። በ2004 ዓ.ም. ግድም እንቦጭ መጣ። የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የታየበትን ዘመን ሁላችንም እናስታውሳለን። በመሐሉ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ጭብጨባው ደመቀ። ዓሣው ግን የምስክር ወረቀት ማንበብ አይችልም።

ላይ ቤትስ ምን እየተደረገ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የአጥማጁ ጥፋት ተደርጎ ሲወራ ስለምንሰማ። ወንዝ አፍ ላይ ከመረብ ያመለጠች ዓሣ ሽቅብ ስትወጣ ምን ያገኛታል?

መጀመሪያ ጭቃ ያገኛታል። የጉና ጥግ ሁሉ ታርሶ፣ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ወንዙ ይገባል። እንቁላል ጥርት ያለ ውኃና ጠጠር ይፈልጋል፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። ቀጥሎ አካፋ ያገኛታል። ለግንባታ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ከነዚሁ ወንዞችና ገባሮች ይዛቃል። እኛ «ከተማችን አደገች» ስንል እሷ አልጋዋ ተጭኖ ሄዷል። ከዚያ ብርብራ ያገኛታል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ዛሬም የሚያደርገው አለ። መረብ ቢያንስ የሚይዘውን ይይዛል። ብርብራ ግን ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የተፈለፈለው ጫጩት ደግሞ በጋ ላይ የውኃ ፓምፕ ያገኘዋል። ጉማራና ርብ ዳር ዳራቸውን በፓምፕ ተከብበዋል። ሽንኩርቱም ያስፈልጋል፣ አትክልቱም ያስፈልጋል፤ ወንዙ እስኪደርቅ ድረስ መሆኑ ነው ችግሩ። በርብ ላይ ደግሞ ለመስኖ ትልቅ ግድብ ተሠርቷል። አምባዛው እንኳ የራሱ ጣጣ አለበት፤ ክረምት ላይ የሚራባበትን የፎገራን ረግረግ፣ ሸሸርና ወላላን፣ እርሻ እየገፋቸው ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለማስለቀስ አይደለም። መልእክታችን አጭር ነው። አንድ እንግዳ በመንጠቆ ይዞ፣ ስሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ የለቀቃት ዓሣ ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ ላይ ከነእንቁላሏ የምትያዝ ከሆነ፣ ያ ሁሉ «መልቀቅ» ትያትር ነው። ስፖርቱም የቱሪስቱ አይደለም፤ የኛ ነው። ስፖርቱም «ሀብትን የማጥፋት ውድድር» ይባላል።

ላናዎን አስታውሱ

«አይ እናንተ ልጆች፣ ሐይቅ ሙሉ ዓሣ እንዴት ያልቃል?» የሚለን አይጠፋም። ያልቃል። ስም እንጥራ።

በፊሊፒንስ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ፣ ከአንድ ወገን ወጥተው በዚያው የተለያዩ፣ ሌላ የትም የሌሉ ዓሦች ነበሩት። በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ከጣና ጋር ይነሣ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የላናዎን 17 ዝርያዎች ሁኔታ ይፋ አደረገ። 15ቱ ጠፍተዋል። የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተዋል ተብሎ ነው የተጻፈላቸው። እዚያ ዋናው ገዳይ ከውጭ የገባ አዳኝ ዓሣ ነበር፤ ከመጠን ያለፈና አጥፊ የሆነ አጠማመድም አግዞታል። መንገዱ ይለያይ እንጂ መድረሻው አንድ ነው። እንግዲህ በዓለም ላይ የዚህ ወገን ትልልቅ ዓሦች እንዲህ ተሰባስበው የቀሩበት ቤት ጣና ብቻ ሆነ ማለት ነው። የመጨረሻው።

ይህን የሚያህል ነገር በእጃችን ይዘን ወሬያችን የጀልባው ቀለም ነው።

ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች ስለሆንን ዜና መቁጠር ልማዳችን ነው። እስቲ እናንተም አስተውሉ። ጀልባ ሲመረቅ ዜና ነው። ሪዞርት ሲከፈት ዜና ነው፤ ጎርጎራ ላይ በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ስንት ጊዜ ታየ! ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ ሕገወጥ መረብ ሲነሣ ግን ማን ይዘግባል? ሪባን የለውማ! ባለሥልጣን ቆሞ የሚቆርጠው ነገር የለም። ቆመው የሚያጨበጭቡት እንቁራሪቶች ብቻ ናቸው።

«ግን እኮ…»

የሚነሡብንን መከራከሪያዎች እናውቃለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

«አጥማጁ ምን ይብላ?» ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የምናከብረውም ይህን ነው። ነገር ግን እኛ «ሐይቁ ይዘጋ» አላልንም። ቀረሶ ወንዝ አይወጣም፤ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው። በክረምትም ቢሆን በሕጋዊ መረብ ከወንዝ አፍ ርቆ ማጥመድ ይቻላል። እንዲዘጋ የምንጠይቀው የጉማራና የርብ አፍ፣ ከወንዞቹ ጋር፣ ለሦስት ወር ነው። ዛሬ በሦስት ወር የሚጨክንበት አጥማጅ ነገ በ12 ወሩም የሚያጠምደው አያገኝም። ከሁሉ በፊት የሚጎዳውም እሱ ነው። ቱሪስቱ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል፣ ባለሀብቱ ጀልባውን ይሸጣል፤ አጥማጁ ግን የት ይሄዳል?

«ሕግ የለም።» አለ! የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ክልሉም የራሱን አውጥቷል። የጠፋው ሕግ ሳይሆን፣ ክረምት ላይ በጭቃ ሄዶ ወንዝ አፍ የሚደርስ ሰው ነው። የወረዳ ባለሙያ ጀልባ የለውም፣ ነዳጅ የለውም፣ አንዳንዴም ቦቲ ጫማ የለውም። ለሽርሽር ጀልባ ሲፈለግ የሚገኝ ገንዘብ ለቁጥጥር ጀልባ ሲሆን ለምን ይጠፋል?

«ዋናው ጠላት እንቦጭ ነው።» እንቦጭ ጠላት ነው፤ አንከራከርም። ነገር ግን እንቦጭ ለሁሉም ነገር ማመካኛ ሆኗል። እንቦጩ ከመታየቱ ዐሥር ዓመት በፊት ዓሣው ሦስት አራተኛው እንዳለቀ ከላይ ነግረናችኋል። ያኔ ማንን ልንከስ ነበር?

«በዚህ ጊዜ ስለ ዓሣ ይወራል?» ይህ ከባዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ገብቶ ስንት ሰው እንዳለቀሰ፣ መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ እናውቃለን፤ እዚሁ ነው የምንኖረው። የእንግዳው ቁጥር ቀንሷል፤ ጀልባ ነጂውም አስጎብኚውም ቁጭ ብሎ የከረመበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰው ሕይወት ከዓሣ ይቀድማል። ግን ደግሞ ሰላም ሲመጣ ምን ይዘን ልንጠብቅ ነው? የሆቴል ሕንፃ ይፈርስና ይሠራል። መንገድ ይበላሽና ይጠገናል። የጠፋ የዓሣ ዘር ግን በየትኛውም በጀት አይመለስም። በዚያ ላይ እኛ የምንጠይቀው ነገር ሲሚንቶም ዶላርም አይፈልግም። የሚፈልገው ለሦስት ወር እጅን መሰብሰብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ ነው የምታውቁት እንዳንባል የበኩላችንን እንበል።

አንደኛ፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ የጉማራና የርብ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን። በወረቀት ሳይሆን በውኃው ላይ። ጠባቂዎቹም ከከተማ የሚላኩ ሰዎች አይሁኑ፤ ራሳቸው አጥማጆቹ ይሁኑ፣ ለሦስቱ ወርም ደመወዝ ይከፈላቸው። ዓሣው የት እንደሚደበቅ የሚያውቅ ሰው፣ ሌባው የት እንደሚደበቅም ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ስፖርት ፊሺንጉ ይምጣ፤ ግን ካፒቴኑ አጥማጁ ይሁን። ይህ የኛ ፈጠራ አይደለም። ጣሊያንና ግሪክ የዓሣ አጥማጁ ጀልባ እንግዳ ጭኖ እንዲወጣ በሕግ ፈቅደዋል። ጀልባው የሱ፣ ዕውቀቱ የሱ፣ ገንዘቡም የሱ። እንግዳው የሚከፍለው ለመረብና ለሥጋ ሳይሆን ለቀኑ ነው። በኛም የደራና የፎገራ አጥማጅ ከበጋው እንግዳ የሚያገኘው ገንዘብ በክረምት መረቡን የሚሰቅልበት ምክንያት ይሆነዋል። ከተማ ያለ ባለሀብት ጀልባ ገዝቶ፣ አጥማጁን ዳር ላይ ቁጭ አድርጎ ፎቶ የሚያስነሣበት «ቱሪዝም» ከሆነ ግን ከአሁኑ ይቅርብን።

ሦስተኛ፣ ደጋው ድርሻውን ያንሣ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ፤ ጉናም ከበላዩ አለ። ዓሣው እንቁላል የሚጥልባቸው ገባሮች የትኞቹ እንደሆኑ ተለይተው ይታወጁ፤ ከነዚያ ላይ ጠጠር መዛቅም ብርብራ መበተንም ይከልከል። ገበሬውንም ማስፈራራት አያስፈልግም። ብርብራ የሚበትን ልጅ ዓሣዋ ከጣና ድረስ ተጉዛ እሱ ደጃፍ ለመውለድ እንደመጣች የነገረው ሰው የለም። ይንገሩት። ለእንግዳ የምንሰጠውን ክብር እናውቃለን፤ የመጣች ነፍሰ ጡር በአገራችን አትመታም።

አራተኛ፣ በላተኛው። ነሐሴ በባተ በሳምንታት ውስጥ ፍልሰታ ላይ ዓሣ የሚያዝ ሰው ጥቂት አይደለም። (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተናል።) ገበያው የሚደምቀው ዓሣው ሊራባ በሚወጣበት ሰሞን መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ አትግዙ። ከፈለጋችሁ ቀረሶ ብሉ። ሆቴል ስትገቡ አስተናጋጇን ጠይቁ፤ «እናቴ፣ ይሄ የትኛው ዓሣ ነው? ከየት መጣ?» በሏት። መጀመሪያ ትስቅባችኋለች። ዐሥር ሰው ሲጠይቃት ለባለቤቱ ትነግረዋለች። ባለቤቱ ለነጋዴው ይነግረዋል። ነጋዴው ለአጥማጁ ይነግረዋል። አዋጅ ከሚሄድበት መንገድ ይህኛው መንገድ ያጥራል።

የከተማችን ስም የመጣው ከታቦር ተራራ ነው። በዓላችንም ነሐሴ 13 ቀን ነው፤ ልጆች በየደጁ ቡሄ ሲጨፍሩ፣ ሙልሙል ሲቆረስ፣ ጅራፍ ሲጮህ። በዚያች ሌሊት ከኛ ከተማ ቁልቁል፣ ወረታን አልፎ፣ ጉማራ ሞልቶ ይወርዳል። በዚያው ሌሊት፣ በጨለማ፣ ጅረቱን እየታገሉ ወደ እኛ ሽቅብ የሚወጡ ዓሦች አሉ። ጥርስ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ የምርጫ ካርድ የላቸውም። ያላቸው አንድ በር ነው።

ጀልባውን የሚያመጣው ብዙ ነው። ከጅቡቲም ይመጣል፣ በአስፋልትም ይመጣል፣ እናጨበጭብለታለን። በሩን የሚከፍተው ግን ከደቡብ ጎንደር ሰው በቀር ማንም የለም። ዞኑ፣ ወረዳዎቹ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አጥማጁ፣ ገበሬው፣ በላተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የዘንድሮውን ክረምት ይወስን። አንድ ክረምት ይሞከር። ከዚያ በኋላ መንጠቆውንም ካሜራውንም ይዛችሁ ኑ፤ እኛው ራሳችን እናሳፍራችኋለን።

ቸር ያሰማን።